የጳጉሜን ሸክላ

የጋሽ በዳዳን ማረፍ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ የድሮ ተማሪያችን ኖሮ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየኝና «ቲቸር፣ ሰሙ አይደል? እጁን እዩ እኮ ዐረፉ» አለኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ መጥራትም አያስፈልገውም። በእኛ ትምህርት ቤት ያለፈ የአዳማ ልጅ «እጁን እዩ» ከተባለ ጋሽ በዳዳን እንጂ ሌላ ሰው አያስብም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ቀጥሎ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ሹፌሩም የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲሰማው ሳቀ። እሱ እየሳቀ፣ እኔ እየሳቅሁም እያለቀስኩም፣ መውረጃዬን አልፈን ሄድን። «በቃ፣ ወደ ለቅሶው ቤት ንዳው» አልኩት።

ጋሽ በዳዳ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እኔ የባዮሎጂ ነኝ። ተመድቤ ስመጣ እሳቸው የግቢው ነባር ስለነበሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሙልዬ» እያሉ ጠሩኝ፤ ስሜ ሙሉወርቅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የአዳማ ነፋስ ባርኔጣቸውን እንዳይወስድባቸው አንድ እጃቸውን ከአናታቸው የማያወርዱ ሰው ነበሩ። ጠዋት በር ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ ዘበኛም ይሁን ዳይሬክተር፣ «አካም ቡልተኒ!» ይሉታል። በነገር ሲስማሙ «ቶሌ፣ ቶሌ»፤ ሳይስማሙም «ቶሌ» ብለው የራሳቸውን ያደርጋሉ። ሰው ሲሳደቡ ሰምቼ አላውቅም። ማሾፋቸው ግን አይጣል ነው።

የእሳቸው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ የግድግዳ ካላንደር ነው። ልጅ ሳሉ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሱቅ የነበረው አንድ ግሪካዊ ነው አሉ ለአባታቸው የሰጠው። በየወሩ ገጽ ላይ የአንድ ጥንታዊ የግሪክ ሸክላ ፎቶ አለ፤ ማሰሮው፣ ገንቦው፣ ዋንጫው፣ ቀይ መደብ ላይ በጥቁር ቀለም አማልክትና ሰዎች፣ ፈረሶች፣ ድግስ የተሳለበት። ዓመቱ አለቀ፣ ግሪካዊው አገሩ ገባ፣ ካላንደሩ ግን ከግድግዳው አልወረደም። ትንሹ በዳዳ እየገለበጠ አሥራ ሁለቱን ወር ሲጨርስ «እማዬ፣ የጳጉሜን ሸክላ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። «ፈረንጅ ጳጉሜን የለውም» አሉት እናቱ። «ታዲያ በጳጉሜን ምን ይሠራል?» ይህን ባወሩ ቁጥር ከሁላችንም ቀድመው የሚስቁት ጋሽ በዳዳ ራሳቸው ነበሩ።

አድገው አስተማሪ ሲሆኑ ያንን ካላንደር ክፍል ድረስ ይዘውት መጡ። ወረቀቱ በተማሪ እጅ ሊያልቅባቸው ሲል ሥዕሎቹን እውነተኛ ሸክላ ላይ ለመገልበጥ አሰቡና ገበያ ወርደው ሸክላ ሠሪዋን አዴ ጫልቱን ማሰሮ ጠየቁ።

«ለወጥ ነው ለጎመን?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ለዜውስ ነው።»

«እሱ ደግሞ ማነው? የየት ሰፈር ልጅ ነው?»

«የላይ ሰፈር።»

«የላይ ሰፈር ሰውማ ዋጋ አይከራከርም» ብለው ጨመሩባቸው።

በእንዲህ ዓይነት አሥራ ሁለቱም ሸክላዎች ተሳሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ማንም የማይፈልጋት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ እዚያ ደረደሯቸውና ቤቷ በተማሪው አፍ «ሸክላ ቤት» ሆነች። ከመደርደሪያው ጫፍ ግን አንዲት ምንም ያልተሳለባት ማሰሮ ነበረች። ምንድን ናት ሲባሉ «የጳጉሜን ናት፤ ገና አልታወቀችም» ይሉ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ እኔ የራሴን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ በመስኮት አዳምጣለሁ።

«ግሪኮች አምላካቸውን ሲስሉ ሰው አድርገው ነው» ይላሉ። «ቁመቱ የሰው፣ ጺሙ የሰው፣ ቁጣው ሳይቀር የሰው። እንግዲህ አምላኩን ከሰውየው በምን ትለያላችሁ? እጁን እዩ! መብረቅ ከያዘ ዜውስ ነው። መንሽ ከያዘ ፖሲዶን ነው፣ የባሕሩ ጌታ፤ ጤፍ ሊወቃ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ክራር ከያዘ አፖሎ ነው። ምንም ካልያዘ እንደ እናንተ የቤት ሥራውን ቤት ረስቶት የመጣ ሰው ነው።»

አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሁሉም ክፉ ናቸው እንዴ?» አለች። ለምን ስትባል «ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ናቸዋ!» አለች። እውነቷን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ናቸው ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን የሚሳሉት። ግሪኩ ደግሞ አምላኩንም ሰውየውንም በጎን ነው የሚስለው። ጋሽ በዳዳ ጠመኔውን አስቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ይቺን አላየኋትም!» አሉ፤ ደስ ሲላቸው እንደሚያደርጉት ባርኔጣቸውን አውልቀው ለልጅቷ ሰገዱላት። ሳምንቱን ሙሉ መምህራን ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። «የእኛ ሰው ከተሳለ እንግዲህ በሁለት ዓይኑ ነው» ብለው ቆረጡ።

ተማሪውን ከምንም በላይ የሚያስቀው ግን ሌላ ነበር። «የግሪክ ሸክላ ይናገራል» ይላሉ ጋሽ በዳዳ። «ሠሪው ስሙን ሲጽፍበት ሸክላው በራሱ አፍ እንደሚናገር አድርጎ ‘እገሌ ሠራኝ’ ይላል።» ይሄኔ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። በእኛ ከተማ «ሠራኝ» ማለት አታለለኝ፣ ጉድ አደረገኝ ማለት ነዋ! ደላላው ሠራኝ፣ ባጃጁ ሠራኝ። «ቲቸር፣ ታዲያ ፖሊስ ጋ አልሄደም?» ይላል አንዱ ከኋላ። እሳቸው ቀልዱን በየዓመቱ እንደ አዲስ ሰምተው በየዓመቱ እኩል ይስቃሉ።

ተማሪ ይዘን ላንጋኖ የወረድን ጊዜማ አይረሳኝም። ከሆቴሉ አትክልተኛ መንሽ የመሰለ የአትክልት ሹካ ለምነው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ያን ቡናማ ውኃ ውስጥ ገብተው ቆሙ። «እኔ ማነኝ?» አሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ፖሲዶን!» ሲሉ የሆቴሉ ዘበኛ ከዳር ሆኖ «አቶ ፖሲዶን፣ ይውጡ! ሹካው ይፈለጋል!» ብሎ ጮኸ። ሹካቸውን ይዘው ሹልክ ብለው ወጡ።

የሚቆጣቸውም ነበር። አንዲት የተማሪ እናት ግቢ ድረስ መጥተው «አቶ በዳዳ፣ ለልጄ ጣዖት እያስተማሩ ነው አሉኝ» ብለው ፊት ለፊት ያዟቸው። «ጣዖት አይደለም እመቤቴ፣ ድስት ነው» አሉ እሳቸው፤ እጃቸውን ይዘው ወስደው አሳዩአቸው። ሴትዮዋ ዞር ዞር ብለው አዩና «ማሟሸት ረስተዋል፤ ውኃ ቢይዙበት ያፈሳል» ብለው ሄዱ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ደስታ ሊያጠፋው የመጣ ነገር ነበር። ዳይሬክተራችን አቶ ንጉሤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቦታ ሲባክን ያንገበግባቸዋል። ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ አለ፤ ሳይመጡ በፊት ቅጭልጭልታው ይመጣል። አንድ ቀን ጋሽ በዳዳን ጠርተው ሸክላ ቤት ለተሰበሩ ወንበሮችና ለተበላሹ ፕላዝማዎች መጋዘን እንድትሆን ታስቧል አሏቸው።

«ሸክላዎቹስ?» አሉ ጋሽ በዳዳ።

«ቤትዎ ይውሰዷቸው እንጂ። ጋሽ በዳዳ፣ ማን ያያቸዋል?»

«ከተማው ያያቸዋል።»

«ቶሌ» አሉ አቶ ንጉሤ የጋሽ በዳዳን ቃል ነጥቀው። «ቅዳሜ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጁ። የከተማው ሰው መጥቶ ካየ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካልመጣ ሰኞ ጠዋት ያስረክቡኛል።»

ጋሽ በዳዳ ሲያዝኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። አሥራ ሦስት ማሰሮ የት ይገባል? ደግሞስ ያለ ተማሪ ማሰሮ ምን ያደርግላቸዋል? «ሙልዬ፣ ማንም ባይመጣስ?» አሉኝ። እጃቸው ከባርኔጣቸው ወርዶ ነበር፤ ነፋሱም እንደፈራሁት ወሰደው። ሮጬ አመጣሁላቸው።

ማስታወቂያውን በራሳቸው እጅ ጻፉ። «የጥንት ሸክላ ዐውደ ርዕይ። ቅዳሜ ከሰዓት። ቤቱ የጥንት ሸክላ ያለው ሰው ይዞ እንዲመጣ በአክብሮት ተጋብዟል።» በየምሰሶው ለጠፍን፣ ልጆቹም በቴሌግራም በተኑት። እኔም አነበብኩት፣ አቶ ንጉሤም አነበቡት፣ ማናችንም ምንም አልታየንም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሸክላዎቹ በወግ ተደረደሩ፤ አቶ ንጉሤ በር አጠገብ ወንበር ስበው ቁልፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እንግዳ የለም። እኔ በፔርሙስ የያዝኩትን ሻይ ለጋሽ በዳዳ እየቀዳሁ፣ ለራሴ እየቀዳሁ፣ ጨረስኩት። እሳቸው የጸዳውን ማሰሮ እንደገና ይጠርጋሉ።

ከዚያ መጡ! ሽማግሌዎች፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ከረባት ሳይቀር ያሰሩ፣ እያንዳንዳቸው ብብታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ስስ አራት ማዕዘን ነገር የያዙ። ከሞጆ የመጣ አለ፣ ከዱከም በሚኒባስ የመጣ አለ። ፊት ፊት የሚመሩት ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉት አቶ ከድር ናቸው፤ እሳቸው ሣጥን የሚያህል ነገር ታቅፈዋል።

«ሸክላው የታለ?» አሉ አቶ ከድር።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ በዳዳ ደረታቸውን ነፍተው።

አቶ ከድር መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ይሄማ ድስት ነው!» አሉ።

ለካ ሰዎቹ ሸክላ ሲባል የመጣላቸው የዘፈን ሸክላ ነው! ብብታቸው ሥር ያለው ሁሉ ዘፈን፣ ሣጥኑም ማጫወቻው። አቶ ከድር ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ተሠራን! እናንተ፣ ይሄ ሰውዬ ሠራን!»

«ሠራን» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ጋሽ በዳዳን ሳቅ አፈናቸው። ማሰሮ ተደግፈው፣ አይ አይ እያሉ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን በሽቄ ሞትኩ። ክፍሉ በዓይናችን እያየን ሊሄድ ሰውዬው ይስቃሉ? ሽማግሌዎቹ ወደ በሩ ዞረዋል፤ የአቶ ንጉሤ ቁልፍ ቅጭል ሲል ሰማሁ፣ ብድግ ሊሉ ነው።

«አቶ ከድር» አሉ ጋሽ በዳዳ በአንድ እጃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ በሌላው አንዱ ማሰሮ ላይ የተሳለውን ሰው እያሳዩ፣ «ይሂዱ፣ አልይዝዎትም። ግን ይሄ ሰውዬ የያዘው ምንድን ነው?»

አቶ ከድር ከደጃፉ አንገታቸውን ብቻ መልሰው አዩ። «ክራር ነዋ!»

«አያያዙ ልክ ነው?»

ይሄኔ ተመለሱ። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጎንበስ አሉ። «ቀኙ ይመታል… ግራው ከኋላ ገብቶ ክሮቹን ይይዛል… ውይ! ይሄንን የሳለው ሰው ሲመታ አይቷል። እናንተ፣ ኑ እዩ!» ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ጎንበስ አሉ። አቶ ከድር «ዘፋኙ ማነው?» አሉ።

«አምላክ ነው፣ አፖሎ።»

«የለም። ይሄ የሠርግ ዘፋኝ ነው። አፉን አያዩትም? ሰዎቹስ ዋንጫ ይዘው የተቀመጡት?»

«እጁን እዩ እንጂ! ክራር የያዘ…»

«እኔም እኮ እጁን ነው ያየሁት!»

አምላክ ነው፣ ሰው ነው፣ ክርክሩ ጦፈ። ከዱከም የመጡት ሰውዬ ከአምላክ ጎን፣ የሞጆው ከሰው ጎን ቆሙ። አቶ ከድር «እንግዲህ ይሄንን ስሙና ፍረዱ» ብለው ማጫወቻቸውን ማሰሮዎቹ መካከል አሳረፉትና አንድ የክራር ሸክላ አስቀመጡበት። መጀመሪያ ኮሽታው፣ ከዚያ ክራሩ፣ ከዚያ ድምፁ። ሁሉም ያንን በጥቁር የተሳለ ሰውዬ እያየ ያዳምጣል። ምን ልበላችሁ፣ ከአፉ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ድምፁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ጋሪ ነጂው ጋሪውን አቁሞ ገባ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ገቡ፤ አዴ ጫልቱም ገቡና «እነዚህ እኮ የእኔ ማሰሮዎች ናቸው! ዜውስ የታለ?» ብለው ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ያሳዩ ጀመር። ክፍሏ ጢም ብላ ሞላች። አቶ ንጉሤ ከጥግ ተጣብቀው መውጫ አጡ፤ ሳይታወቃቸው እግራቸው መምታት ሲጀምር ቁልፋቸውም አብሮ ይቅጨለጨላል። «አቶ ዳይሬክተር» አሉ አቶ ከድር፣ «ቁልፍዎን ከምቱ ጋር ያስኪዱት እንጂ!»

ሰው ሲበተን አቶ ንጉሤ ላባቸውን ጠርገው «ጋሽ በዳዳ፣ ክፍሉ የእርስዎ ነው» አሉ። «ቁልፉ ግን እኔ ጋ ይቀመጣል። ደንብ ነው።»

«ቶሌ» አሉ ጋሽ በዳዳ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቢሮ ደጃፍ ቆመው ቁልፍ መጠየቅ ሥራቸው ሆነ።

ሰኞ ዕለት የጳጉሜኗን ማሰሮ አወረዱ። ያ ቅዳሜ የመጣው ሰው ሁሉ እሷ ላይ ተሳለ፤ ሁሉም ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሁለት ዓይኑ። አቶ ከድር ክብ ሸክላቸውን ይዘው። አዴ ጫልቱ ማሰሮ። እኔ ፔርሙስ። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ተምሬ ፔርሙስ?» ብዬ ተጣላኋቸው። «ሙልዬ፣ ማይክሮስኮፕ ያጠጣሽን ቀን እቀይርልሻለሁ» አሉኝ። አቶ ንጉሤ ቁልፋቸውን ይዘዋል፤ አይተውት አኮረፉ። «ሌላ ነገር ይዘው አይቼዎት አላውቅማ!» ተባሉ።

አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር። «እርስዎስ?» ስላቸው «ሠሪው አይሳልም፣ ስሙን ነው የሚጽፈው» አሉኝ። ታዲያ ስምዎን ይጻፉ አልኳቸው። «መች አለቀና!» አሉ። በየዓመቱ ጠየቅኳቸው፤ በየዓመቱ መልሳቸው ያው ነበር።

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የላንጋኖውን ሹካ ያወራ አለ፣ የዜውስን ሰፈር ያወራ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሩቅ ላለ ሰው የሚያለቅሱ ይመስላል። የሚያለቅሱም ነበሩበት።

ከሰልስቱ በኋላ ሦስታችን ሸክላ ቤት ገባን፤ አቶ ከድር፣ አቶ ንጉሤና እኔ። ያንን ባዶ ቦታ እንዲሁ መተው አልሆንልን አለ። እንድስል የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ እንቁራሪት ስስል የኖርኩ ሰው! ጥያቄው ግን እሱ አልነበረም።

«ምን እናስይዛቸው?» አልኩ።

አቶ ከድር ባርኔጣ አሉ። እኔ ጠመኔ አልኩ። አቶ ንጉሤ ማሰሮዋን እያዟዟሩ ራሳቸውን ያያሉ።

«ሙሉወርቅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከእኔ እጅ ቁልፉን አጥፊና ለእሳቸው ስጪያቸው።»

«ኧረ አቶ ንጉሤ!»

«ክፍሉ የእርስዎ ነው ብያቸው ቁልፉን አንድ ቀን አልሰጠኋቸውም። በየጠዋቱ እየሳቁ ደጄ ይቆሙ ነበር። ስጪያቸው።» ይህን ብለው እውነተኛውን ቁልፍ ከዘለላው አወጡና ማሰሮዋ ውስጥ ጣሉት። ቅጭል ብሎ ወደቀ። «ደንቡስ?» ማለት ከአፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ተውኩት።

የተሳለውን ቁልፍ በቢላዋ ጫፍ ፈቅፍቄ አነሳሁ። ሥዕሉ ላይ ያሉት አቶ ንጉሤ እጃቸው ባዶ ቀረ። ከዚያ ጋሽ በዳዳን ሳልኳቸው፤ አንድ እጃቸው ባርኔጣቸው ላይ፣ በሌላው ቁልፉ። ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው። «ትንሽ እንቁራሪት መስለዋል» አሉ አቶ ከድር። መስለዋል።

ከሥራቸው «በዳዳ ሠራ» ብዬ ጽፌ «ኝ» ልጨምር ስል አቶ ከድር እጄን ያዙኝ።

«ማሰሮዋን ብቻ ነው እንዴ የሠራው? ‘ሠራን’ በይ።»

«ለእሳቸው ‘ሠሩን’ ነው የሚባለው» አልኩ።

«ሸክላ አንቱ አይልም። ጻፊው።»

ጻፍኩት። አቶ ከድር መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ «በዳዳ ሠራን።» ያን ቅዳሜ እዚሁ በር ላይ ቆመው በንዴት የጮኹባት ቃል ናት፣ አንድ ፊደል አልተለወጠባትም። ሳቁ። ደግመው ሊያነቡት ጀመሩና «በዳዳ» ካሉ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞሩ።